ከመወሰኛው ከፍታ በታች

ሬሳው ከእብነ በረዱ ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተንጋሏል። አንገቱ የሰው አንገት በማይዞርበት አቅጣጫ ዞሯል፤ አንደኛው ጫማ ወልቆ ከደረጃው መካከል ቀርቷል። መቶ አለቃ ዙህራ ይማም አጠገቡ ተንበርክካ ከደረት ኪሱ ብቅ ያለውን ነገር በሁለት ጣቷ ሳበችው። መነጽር ነው፤ በሥርዓት የታጠፈ፣ ጭረት እንኳ ያልነካው።

«ካፒቴን ተክለሃይማኖት ያለ መነጽር ያያሉ?»

«ያለ መነጽርማ የገዛ እጃቸውንም አያዩ» አለች የሺዓለም፣ የቢሮው ጸሐፊ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

«ታዲያ ይህን ገደል የመሰለ ደረጃ ሊወርዱ ሲሉ ለምን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት?»

መልስ የሰጣት ያልተጠየቀ ሰው ነው። «ጓድ መቶ አለቃ፣ በመነጽር ራስሽን አታድክሚ። ገዳዩ ተይዟል።»

ተናጋሪው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈቀደ ነው፤ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሬሳው የግል ንብረቱ ይመስል ከራስጌው ቆሟል።

ጊዜው ነሐሴ 1977 ነው። ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ሲወረድ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ፎቅ ቤት አለ፤ ታች ኬክ ቤት፣ ላይ የአንድ የበረራ ድርጅት የፈተና ክፍል። ወደ ሰሜን እህል የሚያመላልሱ ፓይለቶች ደመና ውስጥ ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ መብረር መቻላቸው የሚፈተነው እዚህ ነው። የሚፈተኑበት ዕቃ ክንፍ የተቀጠለለት የእንጨት ሳጥን ነው። ሰው ይገባበታል፤ ክዳኑ ይዘጋል፤ መስኮት የሚባል የለውም፤ በወናፍ ኃይል እንደ አውሮፕላን ያዘነብላል፣ ይዞራል። ውጭ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ፈታኝ በማዳመጫ ያዘዋል። የቤቱ ሰዎች ሳጥኑን «ድቅድቁ» ይሉታል። ካፒቴን ተክለሃይማኖት የድቅድቁ ጌታ ነበሩ፤ እሳቸው ሳይፈርሙለት ደመና የሚገባ ፓይለት አልነበረም።

«ማን ነው የተያዘው?»

«ኢስሃቅ፣ የሳጥኑ መካኒክ። ጠዋት ከካፒቴኑ ጋር ሲጨቃጨቅ ኬክ ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ከሰዓት በኋላ ገፈተራቸው። የእህሉን በረራ ለማሰናከል የታቀደ አሻጥር ነው። ከከፍተኛው መኪና መጥታ ትወስደዋለች።»

ያቺ መኪና የወሰደችውን ሰው ቤተሰቡ ስንቅ ይዞ በየት በኩል እንደሚፈልገው የሚያውቅ ፒያሳ ውስጥ አልነበረም።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«ስትመጣ።»

«ምርመራዬን እስክጨርስ ይጠብቁኝ።»

«ምርመራማ አልቋል እኮ። አንቺ የመጣሽው ሬሳውን ለማስነሳት ነው።»

ዙህራ ከንፈሯን ነከሰች። በሥራዋ ላይ የሚያንገበግባት ውሸታም ወንጀለኛ አልነበረም፤ እውነቱን ሳይፈልግ ያገኘ ባለሥልጣን ነው።

ኢስሃቅ ከደረጃው ሥር ባለው ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል። በሩ ሲከፈት ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ጥልፍ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ዛሬ ዓርብ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ኢስሃቅ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ከኑር መስጊድ ስመለስ በር ላይ አነቁኝ። ‹የት ነበርክ?› ያለኝ አንድ ሰው የለም።»

«ጠዋት ከካፒቴኑ ጋር ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«የድቅድቁ ወናፍ ያፏጫል፣ ይረፍ አልኩ። እሳቸው ዛሬ የግድ የምፈትነው ሰው አለ አሉ። እኔና ተክልዬ ካልተጨቃጨቅን ምሳ አይወርድልንም። ሰው ሲፋቀር እንዲህ አይደል?»

«የሚፈተነው ማን ነበር?»

«ዓምደሚካኤል። ጀግናው።»

«ሊጥሉት አስበው ነበር?»

«እሳቸው ሰው መጣል አይወዱም። ሰው የወደቀባቸው እንደሆነ ፊርማቸውን ከመከልከላቸው በፊት ራሳቸው ድቅድቁ ውስጥ ገብተው ያንኑ በረራ በርረው ያሳዩታል። ‹እኔ የማልችለውን አልጠየቅሁህም› ለማለት ነው። ለሌላ ጉዳይ አይገቡበትም፤ ወገባቸውን ያማቸዋል።»

ዙህራ እጆቹን አየች። ጥፍሮቹ ሥር እንኳ ቅባት የለም፤ ለጸሎት ታጥቦ የሄደ ሰው እጅ ነው።

ፎቅ ላይ የበረራ ኃላፊው ገነነ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይጮሃል። ወፍራም፣ ላብ የማይለየው፣ ሰውን ሲያይ መጀመሪያ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። ዙህራ ገና ስታየው ጠላችው።

«ቶሎ በይ፣ ነገ ጠዋት በረራ አለኝ።»

«ሰው ሞቶብዎታል።»

«ሰው በየቀኑ ይሞትብናል፣ እህቴ! እህሉ ካልደረሰ የሚሞተውን የሚቆጥረው ማነው?» ስልኩን ወረወረው። «ኢስሃቅን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ፣ እጁ በግራሶ ተለውሶ፣ በኮሪደሩ ወደ ደረጃው ሲሄድ። ወዲያው የመውደቅ ድምፅ ሰማሁ።»

«በቱታ?»

«በቱታ።»

«ዓምደሚካኤልስ ፈተናውን አልፏል?»

«እሱ ያላለፈ ማን ሊያልፍ ነው! ካፒቴኑ ራሳቸው ‹አልፏል› ብለውኛል።»

«መቼ?»

«እ... ጠዋት።»

«ሳይፈተን?»

ገነነ ስልኩን መልሶ አነሳ። ስልኩ አልጮኸም ነበር።

ዙህራ ወደ ፈቀደ ወረደች። ምስክሩ ሰውየውን በቅባት የተለወሰ ቱታ ውስጥ አየሁት እንዳለ፣ ሰውየው ግን በነጭ ልብስ፣ ከውጭ ሲመጣ በር ላይ እንደተያዘ ነገረችው።

«ልብስ ይቀየራል» አለ ፈቀደ።

«እጅስ?»

«ይታጠባል።»

«ገድሎ፣ ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ፣ የሺዓለም ሳታየው ወጥቶ፣ ተመልሶ በበር ገባ?»

«አሻጥረኛ መላ አያጣም።»

«እንዲህ ያለ መላ ያለው ሰው እኮ በር ላይ አይያዝም፣ ጓድ ፈቀደ!»

«ጩኸትሽን ቀንሺ። ደግሞ ያገሬ ልጅ ነው ብለሽ እንዳይሆን።»

ዙህራ ጥርሷን ነክሳ መልሳ ደረጃውን ወጣች። የወሎ ልጅ ናትና እንዲህ ያለውን ነገር ከብዙ አፍ ሰምታዋለች፤ ለዛሬ ግን ጊዜ የላትም።

ዓምደሚካኤል የኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል። ረጅም፣ መልከ መልካም፣ ዓይኑ የቀላ። ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ሜዳሊያ ከሚሸለሙት አንዱ ነው፤ ምስሉ አደባባይ ላይ ይሰቀላል ተብሏል። ሲያያት ተነስቶ ቦታውን ለቀቀላት፤ በዚያ ቀን ይህን ያደረገላት የመጀመሪያው ሰው ነው።

«እንደ አባቴ ነበሩ» አለ። «ድቅድቁ ውስጥ ነበርኩ። ግራ ዙር ይዤ እየበረርኩ፣ እሳቸው በማዳመጫ ሲያዙኝ፣ ድምፃቸው ተቋረጠ። ከዚያ የመውደቅ ድምፅ ሰማሁ። ክዳኑን ከፍቼ ዘለልኩ፤ በሩጫ ደረጃውን ወረድኩ። ግን...»

«ፈተናው ምን ነበር?»

«በመሣሪያ ወርዶ ማረፍ። ደመና ውስጥ ሲወርዱ መወሰኛ የሚባል ከፍታ አለ። እዚያ ሲደርሱ ሜዳው ከታየዎት ያርፋሉ፤ ካልታየዎት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና አድርገው ይወጣሉ። ክርክር የለም።»

«ቀላል ነው።»

«አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩት ቀላል ነው።» ፈገግ አለ። «ከታች ሕዝብ እየጠበቀ እህሉን ይዞ የተመለሰ ሰው ምን እንደሚባል ያውቃሉ? አንዴ ከሆነ ፈሪ። ከደገመ አሻጥረኛ።»

«እርስዎ ተመልሰው ያውቃሉ?»

«አንድም ቀን!» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ።

ዙህራ ወደደችው። የወደደችውን ያህል ደግሞ ገነነን ጠረጠረችው፤ የሚዋሸው እሱ ነው፣ የሚያልበው እሱ ነው፣ የሚጣደፈው እሱ ነው። ሆዷ «ይሄው ሰውሽ» አላት።

የሺዓለም ታች ዴስኳ ላይ ሻይ አፍልታ ቀዝቅዞባታል።

«የሺ፣ ካፒቴኑ ከመውደቃቸው በፊት ምን ሰማሽ?»

«ምንም።»

«ምንም እንዴት ይሰማል? ያ ወናፍ ሲያፏጭ ጠዋት ኬክ ቤቱ ድረስ ይሰማ ነበር አሉ።»

«እሱማ ያፏጫል። ያኔ ግን ቆሞ ነበር።»

«መቼ ቆመ?»

የሺዓለም ወደ በሩ፣ ወደ ፈቀደ ጀርባ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መጀመሪያ ፉጨቱ ቆመ። ‹ተመስገን› ብዬ ሻይ ቀዳሁ። ግማሹን ስጠጣ ነው ድምፁን የሰማሁት።»

«መብራት ሄዶ ይሆን?»

«ምድጃዬ የኤሌክትሪክ ነው፣ እትዬ። ዛሬ በተአምር አልሄደም።»

«ይህን ለጓድ ፈቀደ ነግረሽዋል?»

«እሱ መች ጠየቀኝ? ‹ኢስሃቅን አየሽው አይደል?› ነው ያለኝ። አላየሁም ስለው ‹አስቢበት› አለኝ።»

ዙህራ እጇን ይዛ ወደ ላይ ጎተተቻት። የፈተናው ክፍል በር ላይ ጠመንጃ የያዘ የቀበሌ ጥበቃ ቆሟል። «አንተም ግባ፣ እያየኸን» አለችው። ድቅድቁ ክዳኑ ተከፍቶ፣ እንደ ትልቅ የተገደለ ወፍ አንድ ክንፉን ዘቅዝቋል።

«ልግባበት።»

«ውይ፣ ያስታውክሻል!»

ገባች። ዙህራ ቁመቷ አጭር ነው፤ ፖሊስ የተቀጠረችው በጫማዋ ተረከዝ ነው እያሉ ባልደረቦቿ ያሾፉባታል። ወንበሩ ላይ ተደግፋ እግሯን ስትዘረጋ መርገጫዎቹን ያለ ችግር አገኘቻቸው። የሺዓለም ክዳኑን ዘጋችባት፤ ወናፉ እያፏጨ ተነሳ። ጨለማ። ከፊቷ የመሣሪያዎቹ መርፌዎች ብቻ አረንጓዴ ያበራሉ።

በግራ እግሯ ረገጠች። ሳጥኑ ወደ ግራ መዞር ጀመረ፤ በግልጽ ተሰማት። ጥቂት ቆይቶ ግን ቆመ።

«የሺ፣ ለምን አቆምሽው?»

«አላቆምኩትም» አለ የማዳመጫው ድምፅ። «እየዞርሽ ነው።»

«ቆሟል እልሻለሁ!»

መርፌው ግራ ይላል። ዙህራ መስታወቱን በጥፍሯ መታችው። ተናደደች፤ የገዛ አካሏ ምስክር እያለ የምን መርፌ! እግሯን አነሳች። መርፌው መሃል ገብቶ ቆመ፤ እሷ ግን ወደ ቀኝ እየተሽከረከረች ነው። ማለች፣ ተራገመች፣ ወንበሩን ጨብጣ ያዘች። መርፌው አልሰማትም።

ክዳኑ ሲከፈት ሳጥኑ ንቅንቅ አላለም። ዘልላ ወረደች፤ በቀጥታ ወደ በሩ የሄደች መስሏት ከግድግዳው ተጋጭታ ተንበረከከች። ጥበቃው ሳቁን መያዝ አቃተው።

«አይደለም እንዲህ!» የሺዓለም ሮጠች። «ዓይንሽን ጨፍኚ። እጅሽን ትከሻዬ ላይ። የካፒቴን ሕግ ነው፤ ከድቅድቁ የወጣ ሁሉ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ሰው ትከሻውን አስይዞ እስከ አግዳሚው ይመራዋል። ራሳቸውም ሳይቀሩ።»

«መነጽር ያለውስ?»

«አጥፎ ኪሱ ይከታል። ስንቱን ሰብረውበት...» የሺዓለም እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ዙህራ አግዳሚው ላይ ዓይኗን እንደጨፈነች ቆየች። ሆዷ አሁንም ወደ ገነነ ይዞራል። ሆዷ ግን አሁን ወደ ቀኝ ትሽከረከሪያለሽ ብሎም ምሎላታል። ሆዷን ትታ የራሷን መርፌዎች፣ መነጽሩንና የቆመውን ፉጨት፣ አንድ በአንድ አየች።

ከታች የመኪና ጥሩምባ ተነፋ።

ፈቀደ ኢስሃቅን ክንዱን ይዞ ደረጃው ሥር ሲደርስ ዙህራ ከላይ ጮኸች። «እስረኛውን ይዘው ወደ ላይ ይውጡ! ከፍተኛው ነገ ‹ማን ነው ያጣራው?› ሲል የእርስዎን ስም ልጥራ ወይስ የእኔን?»

ይህ ሠራ። ሾፌሩ እንዲጠብቅ ተነግሮት ሁሉም በፈተናው ክፍል ተሰበሰቡ፤ ፈቀደና እስረኛው፣ ገነነ፣ ዓምደሚካኤል፣ የሺዓለም፣ በሩ ላይ ጥበቃው።

«ጓድ ፈቀደ፣ ካፒቴኑ ከወደቁ ወዲህ እዚህ ክፍል የገባ አለ?»

«ማን ይገባል? ጩኸት እንደተሰማ ጥበቃዬን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ዝንብ አላለፈም!»

«ከእኔ በስተቀር» አለች ዙህራ። «እኔም ምን እንደነካሁ ጥበቃው አይቷል።»

«መርገጫ ብቻ» አለ ጥበቃው። «ከዚያ ወደቀች።»

«አመሰግናለሁ። ካፒቴን ዓምደሚካኤል፣ ሲፈተኑ እንደነበሩት እስቲ ገብተው ይቀመጡልኝ። ወንበሩን እንዳይነኩ።»

ዓምደሚካኤል አንድ እግሩን አስገባ። ሁለተኛውን ሲያስገባ ጉልበቱ ከመሣሪያዎቹ ሰሌዳ ጋር ተላተመ። ለመጠማዘዝ ሞከረ፤ ጭንቅላቱ ከክዳኑ ውጭ ቀረ።

«ወንበሩ ወደፊት ተስቧል» አለች ዙህራ። «ለእኔ ልክ ነው። ለካፒቴን ተክለሃይማኖትም ልክ ነው፤ ተጋድመው አይቻቸዋለሁ፣ ከእኔ አይረዝሙም። መጨረሻ ላይ እዚህ የተቀመጠው አንተ አይደለህም። እሳቸው ናቸው።»

«አንተ» ማለቷን ሁሉም ሰማ።

«ወንበሩን ሌላ ሰው ገፍቶት...» አለ ዓምደሚካኤል።

«ዝንብ አላለፈም ተብሏል። ወደ ሌላው ልለፍ። ሰውዬው ሲወድቁ ድቅድቁን እያበረርኩ ነበር ብለሃል። የሺዓለም ግን ወናፉ ከቆመ በኋላ ግማሽ ስኒ ሻይ ጠጥታለች፤ መብራትም አልሄደም። ስለዚህ በረራው አልቆ ነበር። እሳቸው ውስጥ ከነበሩ ጠረጴዛው ላይ የነበርከው አንተ ነህ። ጋሽ ኢስሃቅ፣ ካፒቴኑ ድቅድቁ ውስጥ የሚገቡት መቼ ነው?»

«ሰው ሲወድቅባቸው ብቻ» አለ ኢስሃቅ።

«ወድቀህ ነበር። በርረው አሳዩህ። ወናፉ ቆመ፤ ክዳኑ ተከፈተ። እንደ ሕጋቸው መነጽራቸውን አጠፉ፣ ኪሳቸው ከተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እጃቸውን ትከሻህ ላይ አደረጉ። ተገፍትረው ቢሆን መነጽሩ ዓይናቸው ላይ በተገኘ፣ ተሰብሮ። እሳቸው አልተገፉም፤ ተመርተው ነው የሄዱት። አግዳሚው በቀኝ፣ ደረጃው በግራ ነው። አንተ በግራ ወሰድካቸው።»

ገነነ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «እኔ ይህን አላውቅም ነበር! ኢስሃቅን አየሁ ያልኩት... አንድ ፓይለት ነው የቀረኝ። እሱ ከታሰረ ማን ይበርልኛል?»

«ስለዚህ መካኒኩን መኪናዋ ላይ ጫንክ» አለች ዙህራ። «እህል መሰለህ?»

ዓምደሚካኤል ከድቅድቁ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ሲናገር ለማንም አልነበረም።

«ሦስቴ ከመወሰኛው በታች ወረድክ አሉኝ። ሜዳው ታየህ ሳልልህ። ‹ሁልጊዜ በመጨረሻ ይታየኛል› አልኳቸው። ‹አንድ ቀን መጨረሻ የሚታይህ እሱ ይሆናል› አሉኝ። ዝም ብሎ መውጣት፣ መመለስ፤ እሳቸው ሲያደርጉት ምንም አይመስልም። ልጄ ሥዕሌን አደባባይ ላይ ልታይ ቀን እየቆጠረች... እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነበር። ደረጃው ጫፍ ስንደርስ ልመልሳቸው አስቤ ነበር።»

«እና?»

«አልተመለስኩም።»

ጥሩምባው እንደገና ተነፋ፤ ረዘም ብሎ። ፈቀደ ኢስሃቅን አየ፤ ጀግናውን አየ፤ ግንባሩን ጠረገ። የኢስሃቅን ክንድ ግን አለቀቀም።

«ሪፖርት አድርጌያለሁ» አለ። «ሾፌሩ ሰው ሊወስድ ነው የመጣው።»

«ይሄኛው የፖሊስ እስረኛ ነው፤ ከእኔ ጋር ይሄዳል። ጋሽ ኢስሃቅ ወደ ቤቱ። መኪናዋ ትመለስ።»

«ባዶዋን?» ፈቀደ ግራ የተጋባው ከልቡ ነበር። «ባዶዋን ተመልሳ አታውቅም እኮ።»

«ዛሬ ትለምዳለች» አለች ዙህራ። ወደ መስኮቱ ሄዳ ከፈተችና ቁልቁል ጮኸች። «አንተ ሾፌር! የምትወስደው ሰው የለም! ሂድ!»

ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ፈቀደን ፈለገ። ፈቀደ ኢስሃቅን እንደያዘ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ከዚያ እጁን በእምቢታና በእሺታ መካከል አወዛወዘ። ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ ከጊዮርጊስ ማዶ እስኪጠፋ ድረስ የኢስሃቅ ክንድ በፈቀደ መዳፍ ውስጥ ነበር፤ ሲጠፋ ለቀቀው።

ኢስሃቅ ኮፍያውን አደረገ። የሺዓለም ተጠመጠመችበት። ዙህራ እስረኛዋን አስቀድማ ልትወጣ ስትል ገነነ ከወንበሩ ተነሳ፤ ፊቱ አልተቀየረም፤ ሰዓቱን አየ።

«ኢስሃቅ፣ እንግዲህ ይቅርታ፣ ስህተት ነው። ቆይ፣ እንዳትሄድ። ድቅድቁን አዘጋጅልኝ። ከድሬዳዋ ሌላ ፓይለት አስመጣለሁ፤ ነገ ጠዋት ተፈትኖ ከሰዓት በኋላ ይነሳል።»

ኢስሃቅ በሩ ላይ ዞረ። ከመስኮቱ ውጭ ደመናው እስከ ጊዮርጊስ ጉልላት ድረስ ወርዷል።

«ማን ይፈትነዋል?» አለ።

ገነነ ወደ ፈታኙ ባዶ ጠረጴዛ ዞረ።